የማን ተራ ነበር?

እስቲ ደብተሩን ወደ አምፖሉ መለስ አድርጊልኝ። አልነጥቅሽም፤ ከኋላሽ ቆሜ ላንብብ ብዬ ነው። እጅሽን አታንሺ፣ ጻፊ። ለፋሲካ ከሐዋሳ ስመጣ የያዝኩልሽ ደብተር በሦስት ቀን እኩሌታው መሙላቱን ሳይ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ቆይ፣ እዚህ ጋ። «ከዕለታት አንድ ቀን አኮ ማኖዬ የምትባል ክፉ ንግሥት ነበረች» ብለሽ ነው የጀመርሽው። «ክፉ» የምትለዋ ቃል የማን ናት? አኮ የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው ያሏት ወይስ አንቺ ነሽ የጨመርሻት?

ዝም አልሽ። አይዞሽ፣ እኔም በአንቺ ዕድሜ ይህንኑ ተረት ስጽፍ ይህችኑ ቃል ጨምሬያለሁ። ተረት ሲጻፍ ክፉና ደግ መለየት ያለበት ይመስለን ነበር።

አኮ ማኖዬን በጉጂም በቦረናም አገር የማያውቃት የለም። ወንዶቹን የማይሆን ነገር ታዛቸዋለች፤ በሰማይና በምድር መካከል የሚቆም ቤት ሥሩልኝ፣ አንድ ስልቻ ቁንጫ ሰብስባችሁ አምጡልኝ ትላቸዋለች። እነሱም ተደብቀው አንድ ብልህ ሽማግሌ ዘንድ እየሄዱ መላ ይቀበላሉ። በመጨረሻ ጉድጓድ ቆፍረው አፉን በቁርበት ይሸፍኑና እዚያ ላይ እንድትቀመጥ ያደርጓታል። ሽማግሌዎች ይህን የሚያወጉት አብዛኛውን ጊዜ ሴት ለምን ከሸንጎ እንደወጣች ለማስረዳት ነው። ጎረቤታችን አኮ ሲያወጉት ግን ልብ ብለሻል? ቁንጫው ጋ ሲደርሱ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ፤ ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ይወርዳል፣ እሳቱን ይቆሰቁሳሉ። አንድ ማታ እንዲያውም እዚያው ላይ ተረቱን አቁመው «ውሃ አምጪልኝ» አሉኝና ከዚያ ወዲያ አልቀጠሉም። ያ ዝምታ ከተረቱ አንዱ ክፍል ነው። አንቺ ደብተር ላይ ግን ንግሥቲቱ በአንድ መስመር ጉድጓድ ገብታ አለቀች።

ስለዚህ እህት ዓለም፣ እንደሰማሽው ጻፊ። አኮ የነገሩሽ በኦሮምኛ ነው፣ አንቺ የጻፍሽው በአማርኛ ነው። ሁለቱም የቤታችን ቋንቋ ነውና ክፋት የለውም፤ ግን መጀመሪያ በሰማሽበት አፍ ይስፈር፣ አማርኛው ከሥሩ ይምጣ። አማርኛው ላይ ያልያዘልሽ ቃል ካለ እሱ ነው ጠጋ ብለሽ መጠየቅ ያለብሽ። ከራስጌውም ላይ ጻፊበት፦ ማን ነገረሽ፣ የት ተቀምጣችሁ፣ በምን ወቅት፣ እጃቸው ምን እየሠራ ነበር፣ ሌላ ማን ይሰማ ነበር። ይህ ትርፍ ሥራ መስሎሽ እንዳትተዪው።

ያቺን አረንጓዴ ወፍ ታስታውሻለሽ? አባባ ወደ ገናሌ ሲወርድ ይዞን የሄደ ዕለት ሾላው ላይ ያየናት፣ ስትበር ክንፏ ቀይ የሚሆነው፣ አናቷ ላይ ነጭ ጉትዬ ያላት። በመጽሐፍ የሩስፖሊ ቱራኮ ትባላለች። ኢዩጄንዮ ሩስፖሊ የሚባል ጣሊያናዊ ልዑል ወደዚህ ወደ ደቡቡ አገር መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ከጓዙ መካከል የዚች ወፍ ቆዳ ተገኘ፤ የት እንደተያዘች፣ መቼ እንደተያዘች የሚናገር ወረቀት ግን አልነበረም። ሳልቫዶሪ የተባለው የወፍ ሊቅ በ1896 በሟቹ ስም ሰየማት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት አገሯ የት እንደሆነ ሳይታወቅ ኖረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እሷ እዚሁ ነበረች፣ የኛው ሾላ ላይ። ቆዳዋ በእጃቸው ነበር፤ አገሯን ግን ሊያውቁት አልቻሉም። ተራኪውንና ቦታውን ሳትጽፊ ተረት ስትሰበስቢ የምታደርጊው ይህንኑ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ዱብሉቅ ላይ ነው የተማርኩት። ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። የቦረና የጉድጓድ ዘፈን የሚባለውን በጆሮዬ ልስማ ብዬ ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ወረድኩ። የኛ ሰፈር ልጅ ጉድጓድ ሲባል ገመድና ባልዲ ነው የሚመጣለት። ቱላ የሚሉት የቦረና ጉድጓድ እንዲህ አይደለም። ከብቶቹ ተራ ይዘው በረጅም ቦይ ወደ መሬት ውስጥ ይወርዳሉ፤ እዚያ በጭቃ የተለሰነ ገንዳ አለ። ከገንዳው ወዲያ ደግሞ ዋናው ጉድጓድ ይጀምራል፤ ሰዎች አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ከታች እስከ ላይ ይሰለፋሉ። ውሃ የሞላው መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ እየተወረወረ ይወጣል፣ ባዶው እየተወረወረ ይወርዳል። መቅጃውን ኦኮሌ ይሉታል፤ ድሮ ከቀጭኔ ቆዳ ነበር የሚሠራው፣ አሁን ፕላስቲክ ተተክቷል። አንድ እጅ ከዘገየ ሰልፉ በሙሉ ይደናቀፋል፤ የሚዘፍኑትም ለዚህ ነው። አንዱ ከታች ያነሳል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፣ ኦኮሌው በዘፈኑ ምት ይበራል። ላይ ያሉት ከብቶች ደግሞ ድምፁን ሲሰሙ ጆሯቸውን ያቆማሉ።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና ማንንም ሳልጠይቅ ቀዳሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ነገሌ ስመለስ ሮጬ አኮ ቤት ገባሁ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ከምቱ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ሲያልቅ ይመርቁኛል ብዬ ስጠብቅ «የማን ተራ ነበር?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «የትኛው ከብት ነበር የሚጠጣው?» አላውቅም። «አባ ሄሬጋው ማን ነበር?» አባ ሄሬጋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ስልኩን ቀስ አድርገው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና ወደ ወተት ጮጯቸው ተመለሱ፤ በጭስ እያጠኑት ነበር።

ያን ዕለት አፍሬያለሁ። ኋላ ጠይቄ እንዳወቅሁት፣ ጉድጓዱን መጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው መብት ለዘሩ ይተላለፋል፤ ባለቤቱን አባ ኮንፊ ይሉታል። አባ ሄሬጋ ደግሞ ዛሬ ማን ይቀድማል፣ ማን ይከተላል የሚለውን የዕለት ተራ የሚያስከብረው ነው። ዘፈኑ በዚያ ተራ ውስጥ ነው የሚኖረው። እኔ ድምፁን ይዤ ተራውን እዚያው ትቼ መጣሁ።

የኛ ከተማም በታሪክ መጽሐፍ ስሟ የገባው በውሃ ተራ ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚህ ነገሌ የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች አድመው የአብዮቱ የመጀመሪያ ድምፅ የተሰማው በምግብና በውሃ ጉዳይ ነው፤ የወታደሩ የውሃ ሞተር ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናካፍልም ስላሉ። በትምህርት ቤት የተነገረን አንዲት መስመር ናት። ከዚህ ራቅ ብሎ ዲሬ በሚባለው የቦረና አገር ያለው ሕዝብ ግን ውሃ በማን ተራ እንደሚጠጣ ሲሠራው የኖረ ሕግ አለው፤ ታላቁ ጉባኤው ጉሚ ጋዮ የሚሰበሰበውም በየስምንት ዓመቱ ጋዮ በሚባለው ጉድጓድ አጠገብ ነው። እነዚህን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርገሽ አስቢያቸው።

ልቀጥልልሽ። ይቅርታ ልጠይቅ፣ የዘፋኙንም ስም ልጽፍ ብዬ ተመልሼ የሄድኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከድቶ፣ ገና የሚሉት ዝናብም ሐገያ የሚሉትም ሳይመጡ ቀርተው፣ አንቺም ታስታውሻለሽ፣ የከብት አጥንት መንገድ ዳር የነጣበት ጊዜ ነበር። ከታች ያነሳ የነበረውን ልጅ አገኘሁት፤ ዱብሉቅ ከተማ ሸቀጥ ሲያወርድ። ቀድቼው እንደነበር ነገርኩት፣ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ አሰማሁት። ዝም ብሎ ሰማና «ይሄ የኛ ቤት ተራ ነው» አለኝ። የጠጡትን ከብቶች በቀለማቸው ቆጠረልኝ፤ አንዷም አልቀረችም። አንዴ አንሳልኝ ብለው «ላም ሳይኖር ለማን?» አለ። ቅጂው እስከ ዛሬ አለኝ፤ አሁን ከራስጌው የቤቱ ስም፣ የተራው ቀን፣ የከብቶቹም ቀለም ተጽፎበታል። አኮ ሁለተኛ ሲሰሙት አለቀሱ።

ይህን የምነግርሽ ዘፈን ስትወጂ ምን እየወደድሽ እንደሆነ እንድታውቂ ነው። ዘፈኑን የሚያቆመው ላሟ ናት፣ ላሟን ሣሩ፣ ሣሩን ዝናቡ። ስለዚህ ዘፈን እወዳለሁ ብለሽ ሣር ያለበትን ሜዳ ሳታውቂ አትቅሪ።

ሜዳው ደግሞ ቅርብሽ ነው። የሊበን ሜዳ ላይ የምትኖረውን ያቺን የሣር ቀለም ያላት ትንሽ ወፍ ለማየት ከየአገሩ ሰው ይመጣል፤ እኛ ነገሌ ተወልደን በስሟ እንኳ አናውቃትም። የሊበን ላርክ ይሏታል። ሳይንስ ያገኛት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ከዚህ ሌላ ያለችው ወደ ጅግጅጋ በኩል ብቻ ነው። ወንዱ ከሣሩ ብድግ ብሎ አየር ላይ ሆኖ ይዘፍናል፣ ከዚያ ተመልሶ ሣሩ ውስጥ ይጠፋል። መደበቂያዋም ጎጆዋም ረጅም ሣር ነው። ሜዳው ግን ከፊሉ ታረሰ፤ በደርግ ጊዜ ሣር ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህም ቁጥቋጦው ሜዳውን እየበላው መጣ፤ የቀረውም ያለ እረፍት ተጋጠ። ከአፍሪካ ዋና ምድር በሰው ምክንያት የምትጠፋ የመጀመሪያዋ ወፍ እንዳትሆን የሚሰጉ ሊቃውንት አሉ። ተስፋ የሚሰጠኝ የአገሩ ሰው ካሎ የሚለው አሮጌ ዘዴ ነው፤ ለጥጃና ለክፉ ቀን ሣር አጥሮ ማሳረፍ። ለጥጃ የታጠረው ሣር ለወፏም ሆኗል። አሁን የገና ዝናብ ነው፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው። ከመመለሴ በፊት በማለዳ አብረን እንሂድ፤ ስልክሽን ግን ቤት ተዪው፣ መጀመሪያ በጆሮሽ ስሚያት።

አሁን ደግሞ ገጽ አሥራ አራት ላይ ያለውን ልናገር። የማር ወፍ ተረት ጽፈሽ ከሥሩ «ይህ የድሮ ሰዎች እምነት ነው» ብለሻል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳያት ልቤ ቅር አለው። ወፏ ሰው ትጠራለች፣ እየበረረች እያረፈች ወደ ቀፎው ትመራለች፣ ማሩን የቆረጠ ሰው ድርሻዋን ካልተወላት በሌላ ጊዜ አውሬ ፊት ታደርሰዋለች ይላሉ አኮ። የመጨረሻውን ተረት በዪው፣ ምክር በዪው። የቀረው ግን እውነት ነው፤ እውነት መሆኑንም የመዘነው የዚሁ ሕዝብ ልጅ ነው። ሁሴን ኢሳቅ ይባላል፣ የሰሜን ኬንያ ቦረና ነው። ሽማግሌዎቹ የሚሉትን እየሰማ ያደገ ልጅ ተምሮ ሲመለስ «እምነት ነው» ብሎ አላለፈውም። ከማር ቆራጮቹ ጋር ሦስት ዓመት ተከተላት። ሰዎቹ ወፏን የሚጠሩበት ፉሊዶ የሚባል ፉጨት አላቸው፤ በተጣመረ መዳፍ ወይም በቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚነፋ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰማ። ወፏ በማትመራቸው ጊዜ ቀፎ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ ስትመራቸው 3.2 ሰዓት። አቅጣጫውን በምትበርበት፣ ርቀቱን ቶሎ ቶሎ በማረፏና በአቀማመጧ፣ መድረሳቸውንም በድምፅዋ ለውጥ እንደምትነግራቸው ሽማግሌዎቹ ያሉት ሁሉ እየተለካ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ራየር ከተባለ ሌላ ተመራማሪ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1989 ሳይንስ በተባለው ትልቅ መጽሔት ላይ አወጣው።

የምትበላው ደግሞ ሰሙን ነው፤ ሰው ማሩን ይወስዳል፣ እሷ ሰሙንና እጩን። የአማርኛ መምህርሽ ሰምና ወርቅ ሲያስተምሩሽ ይህችን ወፍ አስቢያት፤ ለሷ ወርቁ ሰሙ ነው። እና ያቺን የግርጌ ዓረፍተ ነገር አውጪያት። ባታምኚ እንኳ «አኮ እንዲህ ይላሉ፣ እኔ ገና አላየሁም» ብለሽ ጻፊ፤ ይህ ለሳቸውም ለአንቺም ክብር ነው።

ስለ መጽሐፍ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ምን ላንብብ ብለሽ። ከሁሉ በፊት አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት እንደነበረች እወቂ። በልጅነቷ ለባርነት ተሸጣ፣ ባሕር ላይ ነጻ ወጥታ፣ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገች የኦሮሞ ልጅ ናት። አገሯ ሩቅ፣ እናቷ ሩቅ፤ በጆሮዋ የቀረውን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ከትዝታዋ እያወጣች ወደ 500 የሚጠጋ ጻፈች። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ፤ በፊደል፣ አንቺ አሁን በምትጽፊበት በዚሁ ፊደል። አሥር እርምጃ ርቀት ላይ አኮ ላሉሽ ለአንቺ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ራስሽ አስቢበት።

ከዚያ የአስመሮም ለገሠ «ጋዳ» አለ፣ እ.ኤ.አ. የ1973። ከባድ ነው፣ አትቸኩዪበት፤ ግን የቦረና አያንቱዎች ሃያ ሰባት የቀን ስሞችን ከጨረቃና ከኮከብ ጋር እያስማሙ ዘመን እንዴት እንደሚቆጥሩ የጻፈውን ክፍል እኔ ራሴ እተረጉምልሻለሁ። መጽሐፉ ውስጥ አሬሮ ራማታ የተባሉት የቦረና ታሪክ አዋቂ በስማቸው ተጠርተዋል፤ ምሁሩ ከማን እንደሰማ ተናግሯል። መጽሐፉን ከምወድበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። በአማርኛ ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸውን እነሱ ቡሳን ይሏቸዋል፤ ደመና በሌለበት ሌሊት ውጪና ፈልጊያቸው። ቶን ሌውስ የተባሉ ቄስ ከሲንቲያ ሳልቫዶሪ ጋር አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት የቦረና ባህል መዝገበ ቃላትም አለኝ፤ ሐዋሳ መጥተሽ ታነቢዋለሽ፣ አላውስሽም።

እማማ ትናንት ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ያለችኝን ሰምተሻል፣ አውቃለሁ። «ይሄ ደብተር እንጀራ ይሆናታል ወይ?» ነው ያለችው። አትቀየሚያት። እሷ ድርቅ ያየች ሴት ናት፣ ልጆቿ የሚጨበጥ ሙያ እንዲይዙ ትፈልጋለች። እኔም ሒሳብሽን ተዪ አልልሽም። ሁሴን ኢሳቅን ያስከበረው ተረቱን መውደዱ ብቻ ሳይሆን ሰዓት ይዞ መቁጠሩም ነው። ሣር መለየት የምትችል፣ ኦሮምኛና አማርኛ አሳምራ የምትጽፍ፣ ቁጥር የማትፈራ ልጅ በዚህ ቆላ አገር ሥራ አታጣም፤ ለእማማም እንዲሁ ብያታለሁ። አንቺን የምጠይቅሽ ደብተሩን ከሷ እንዳትደብቂ ብቻ ነው። እንዲያውም እሷንም ጠይቂያት፤ አባባን ተከትላ ከደጋ ወደዚህ ስትወርድ በመኪናው ላይ ምን ስታንጎራጉር እንደነበር ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ነገ አኮ ዘንድ ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ቡናና ስኳር ያዢላቸው፣ ቅቤው እሳቸው ጋ አለ፤ በቅቤ የበሰለውን ቡና ቀላ ሲያቀርቡልሽ ብይ፣ ምርቃታቸውንም አሜን ብለሽ ተቀበዪ። ደብተሩን ወዲያው አታውጪ። መጀመሪያ የጻፍሽውን አንብቢላቸው፣ በኦሮምኛ። የሚያርሙሽን አርሚ፣ «ይሄን ለሰው አታሳዪ» የሚሉሽ ካለ እሱን አጥፊው፣ ለኔም አትንገሪኝ። ስማቸውን መጻፍ ትችዪ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ከዚያ ተረቱ ላይ ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ለምን ዝም እንደሚሉ ልትጠይቂያቸው ያምርሻል፤ አንቺ ግን ነገ አትጠይቂ። ሌላ ቀን ራሳቸው ይነግሩሻል፣ ወይም አይነግሩሽም።

«ክፉ» የምትለዋንም በላጲስ አታጥፊያት። በአንድ መስመር ሰርዢያትና ከጎኗ «የኔ ቃል» ብለሽ ጻፊባት። ቶሎ በይ፣ መብራቱ ሊጠፋ ነው፣ ሻማ ላምጣልሽ።